ከድሬዳዋ እስከ ዋሽንግተን፦ 13 ሰዓት፣ 9 ሰዓት ተኩል ወይስ 19?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሐረር ነው። እናቴ በሰኔ ዋሽንግተን ያለችው እህቴ ጋ ትሄዳለች፤ የምትመለሰው መስከረም ላይ ነው። ኢንተርኔት ላይ ከድሬዳዋ እስከ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ 11,750 ኪሎ ሜትር፣ የበረራው ጊዜ 13 ሰዓት ይላል። ትኬቱ ላይ ግን ከአዲስ አበባ 22:45 ተነስታ በማግስቱ 08:15 ትደርሳለች፤ ይሄ 9 ሰዓት ተኩል ነው። ስትመለስ ደግሞ 11:00 ተነስታ በማግስቱ 07:00 ቦሌ ትገባለች፤ 20 ሰዓት መሆኑ ነው። የትኬት ቢሮው ሠራተኛ ‹ከድሬ እስከ ዋሽንግተን 19 ሰዓት› አለኝ። የቱን ልመን? ስትሄድ መሐል ላይ የሚቆመው፣ ስትመለስ የማይቆመውስ ለምንድን ነው? ከድሬዳዋ 20:15 ተነስቶ ቦሌ 21:15 የሚደርሰውን በረራ ለብቻው ልገዛላት አስቤያለሁ፤ ይረክሳል። ለመቀየር አንድ ሰዓት ተኩል አይበቃትም?»

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ልነሳ፤ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ እሱን ነውና። አንድ ሰዓት ተኩል አይበቃም። ትኬቱ ለብቻው የተገዛ ከሆነ ደግሞ ጭራሹን አይታሰብም። ምክንያቱን ወደ ታች እመለስበታለሁ። ቁጥሮቹን በተመለከተ ሦስቱም በየራሳቸው ልክ ናቸው፤ የሚለኩት ነገር ነው የተለያየው። 13ቱ ሰዓት በሰማይ ላይ የሌለ በረራ ስሌት ነው። 9 ሰዓት ተኩሉ በሁለት አገር ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ ሁለት ሰዓቶችን ቀንሰው ያገኙት ነው። 19ኙ እናትዎ በ20:15ቱ በረራ ከድሬዳዋ ከተነሡ ጀምሮ ደለስ እስኪያርፉ ድረስ በእርግጥ የሚያልፈው ጊዜ ነው። የሚታመነው የትኬት ቢሮው ነው፤ እሱም ቢሆን ከሐረር ያለውን መንገድና ደለስ ላይ የሚጠብቃቸውን ሰልፍ አልቆጠረም።

ርቀቱን እንይ። 11,750 ኪሎ ሜትር በድሬዳዋና በደለስ መካከል በምድር ገጽ ላይ ሊሰመር የሚችለው አጭሩ መስመር ነው። በማይል 7,300 ገደማ፣ አብራሪዎች በሚጠቀሙበት የባሕር ማይል ደግሞ 6,345 ገደማ ይሆናል። ድረ ገጾቹ አንዱን ከሌላው ሳይለዩ ስለሚጽፉ «አንዱ 6,300፣ ሌላው 7,300 ይላል» ብሎ መደናገር የተለመደ ነው፤ አንድ ማይል 1.609፣ አንድ የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር መሆኑን ካወቁ ነገሩ ይፈታል። ምድርን ፍጹም ክብ አድርጎ የሚያሰላና ዋልታዎቿ ላይ ጠፍጠፍ ማለቷን የሚቆጥር ስሌትም በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ይለያያሉ። ይህ የሚያሳስብ ልዩነት አይደለም። የሚያሳስበው የተሳሳተ ከተማ ማስገባት ነው፦ የዋሽንግተኑ ደለስና የቴክሳሱ ዳላስ በአፍ ተቀራራቢ ናቸው፣ በመሬት ግን ወደ 1,900 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። ትኬቱ ላይ የደለስ መለያ አይ ኤ ዲ መሆኑን ያረጋግጡ።

እውነተኛው ጉዞ በሁለት ይከፈላል። ከድሬዳዋ ቦሌ 343 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከቦሌ ደለስ 11,560። ድምሩ 11,900 ገደማ ይመጣል። ልብ ይበሉ፤ በአዲስ አበባ በኩል መዞር ከቀጥታው መስመር የሚጨምረው 155 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ለጄት አውሮፕላን የአሥር ደቂቃ ነገር። አዲስ አበባ ከሞላ ጎደል መንገድ ላይ ናት። ስለዚህ «ከድሬ በቀጥታ ቢኖር ኖሮ ስንት ሰዓት በተረፈ» የሚለው ቁጭት በርቀት ረገድ መሠረት የለውም። የሚባክነው ሰዓት ቦሌ ላይ በመጠበቅ የሚያልፈው ነው። የድሬዳዋ መንደርደሪያ 2,700 ሜትር ገደማ፣ የቦሌው ረጅሙ ደግሞ 3,800 ሜትር ነው። በዚያ ላይ ድሬዳዋ በሰኔ ከሰዓት በኋላ የሚኖራት ሙቀት ሲታከል፣ ለአትላንቲክ ማቋረጫ የሚበቃ ነዳጅ የጫነ ትልቅ አውሮፕላን ከዚያ ሊነሳ አይችልም።

ያ አጭር መስመር የት የት ያልፋል? ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካርታ ካየን ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ማስመሪያ አስቀምጠን ብንጎትት በማሊና በምዕራብ ሰሐራ በኩል ወደ አትላንቲክ የሚወጣ ይመስላል። በዚያ መንገድ ቢበር ግን 530 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ሉል ካገኙ በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር ወጥረው ይሞክሩት፤ ክሩ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይነሳል፤ ሱዳንን፣ ሊቢያን፣ የደቡብ ቱኒዚያን ጫፍና አልጄሪያን ይዞ በስፔንና በፖርቱጋል ላይ ይወጣል፤ አትላንቲክ መሐል ከምድር ወገብ 45 ዲግሪ ያህል ሰሜን ይደርስና ወደ አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ይወርዳል።

ይህ የወረቀት መስመር ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም ካርቱም ላይ ውጊያ ከተከፈተ ወዲህ የሱዳን የአየር ክልል ለመንገደኛ በረራ በአብዛኛው ዝግ ሆኖ ቆይቷል፤ ከሊቢያ ሰማይም ብዙ አየር መንገዶች ይርቃሉ። ስለዚህ አውሮፕላኑ በቀይ ባሕርና በግብፅ በኩል ዞሮ ሜዲትራኒያን ይገባል። በዚህ ብቻ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይጨመራል። ድረ ገጾቹ ይህን አይቆጥሩም፤ ሁለት ነጥብ ይወስዳሉ፣ አጭሩን መስመር ያሰላሉ፣ ለ900 ያካፍላሉ፣ ያበቃል። የእርስዎ 13 ሰዓት የመጣው ከዚህ ነው፦ 11,750 ሲካፈል ለ900።

900 ኪሎ ሜትር በሰዓት ራሱ የተሳሳተ ቁጥር አይደለም። እንደ ድሪምላይነር ያለ አውሮፕላን ከ10 እስከ 12 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ሲረጋጋ በአየሩ ውስጥ የሚጓዘው በዚያ አካባቢ ነው። ችግሩ አየሩ ራሱ መንቀሳቀሱ ነው። ከሰሜን አፍሪካ ጀምሮ እስከ ሰሜን አትላንቲክ ባለው ቀጠና፣ በዚያ ከፍታ ላይ፣ ነፋስ አዘውትሮ የሚነፍሰው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። ጄት ስትሪም የሚሉት ጠንካራው ክፍል በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ብርቅ አይደለም። እናትዎ ሲሄዱ ነፋሱ ፊት ለፊት ይገፋቸዋል፣ ሲመለሱ ከኋላ ይነዳቸዋል። በጠቅላላው መንገድ አማካዩ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ብቻ ነው ብንል እንኳ ሲሄዱ ፍጥነታቸው ከመሬት አንጻር 850፣ ሲመለሱ 950 ይሆናል። 11,560ን ለ850 ሲያካፍሉ 13 ሰዓት ከ36 ደቂቃ፣ ለ950 ሲያካፍሉ 12 ሰዓት ከ10 ደቂቃ። የአንድ ሰዓት ተኩል ልዩነት ከነፋስ ብቻ መጣ ማለት ነው። ነፋሱ የሚበረታው በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ብርድ ወቅት ነው፤ በእኛ ከኅዳር እስከ የካቲት መሆኑ ነው። በሰኔ ይለዝባል፤ ለእናትዎ ጥሩ ነው።

አንድ የተለመደ ማብራሪያ እዚህ ላይ ማረም አለብኝ፦ «ምድር ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር ወደ ምዕራብ የሚሄድ ቶሎ ይደርሳል» ይባላል። አይደለም። አየሩ ከምድር ጋር አብሮ ይዞራል፣ አውሮፕላኑም በአየሩ ውስጥ ነው ያለው። እንዲያውም በተግባር የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ይዘገያል።

አሁን መሐል ላይ የሚቆምበትን ምክንያት። ሰው ሁሉ የሚገምተው መንገደኛ ለመጫን ነው ብሎ ነው። ዋናው ጉዳይ የቦሌ ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,334 ሜትር ላይ ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው 20 ከመቶ ያህል ይሳሳል። አየር ሲሳሳ ሞተሩ የሚሰጠው ግፊት ይቀንሳል፤ ክንፉም ያንኑ ክብደት ለማንሳት 12 ከመቶ ገደማ የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ይህ ማለት ረጅም መንደርደር፣ ወደ ጎማው የፍጥነት ገደብ መጠጋት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ሞተር ቢጠፋ እንኳ በዙሪያው ካሉት ተራሮች በላይ የመውጣት ግዴታ አለ። እነዚህ ሁሉ ተደምረው አውሮፕላኑ ከቦሌ ሲነሳ ሊኖረው የሚችለውን ክብደት ይቆርጡታል። ክብደት ከተቆረጠ ምርጫው ሁለት ነው፦ ወይ ሰውና ጭነት መቀነስ ወይ ነዳጅ መቀነስ።

በቁጥር ላሳይዎ። ድሪምላይነር በሰዓት 5 ቶን ገደማ ነዳጅ ይበላል። አንድ መንገደኛ ከነሻንጣው 100 ኪሎ ብንይዘው 5 ቶን ማለት 50 ሰው ነው። ማለትም ነፋስ ጉዞውን በአንድ ሰዓት ባረዘመው ቁጥር፣ ከቦሌ በቀጥታ ለመሄድ 50 መቀመጫ ባዶ የመተው ያህል ይከፈላል። አየር መንገዱ ያንን ከሚያደርግ ከቦሌ ቀለል ብሎ ይነሳና አውሮፓ ላይ፣ ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ በማይል ማረፊያ፣ ነዳጁን ይሞላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የዋሽንግተን በረራ በተለያዩ ጊዜያት ሮም ላይም ደብሊን ላይም አርፏል። በሮም በኩል ጠቅላላው 11,710 ኪሎ ሜትር፣ በደብሊን በኩል 11,830 ገደማ ነው፤ ከቀጥታው ጋር ሲነጻጸር ዙሩ ትንሽ ነው። ሲመለሱ ሁኔታው ይገለበጣል፦ ደለስ ያለው 95 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ መንደርደሪያው ረጅም ነው፣ ነፋሱም ከኋላ ነው። ነዳጁን ጢም አድርጎ ሞልቶ በአንድ ትንፋሽ ቦሌ ይገባል።

ሮምን ለስሌት ብንይዝ ትኬትዎ ላይ ያለው ጊዜ እንዲህ ይበተናል። ከቦሌ ሮም 4,480 ኪሎ ሜትር፣ ከዙሩ ጋር 5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል፤ መሬት ላይ አንድ ሰዓት ገደማ፤ ከሮም ደለስ 7,230 ኪሎ ሜትር ነፋስ እየገጠመው 9 ሰዓት ከ45። ድምሩ 16 ሰዓት ተኩል። ትኬት ላይ የሚጻፈው ጊዜ ደግሞ መሬት ከለቀቁበት አይጀምርም፤ አውሮፕላኑ ከቆመበት ተንቀሳቅሶ እዚያ ሄዶ እስኪቆም ያለው ነው፤ ስለዚህ ማኮብኮቡም እዚሁ ውስጥ ተቆጥሯል።

አንድ ነገር ለእናትዎ አስቀድመው ይንገሩ፦ «ቀጥታ በረራ» ሲባል የበረራ ቁጥሩ አይቀየርም ማለት እንጂ አይቆምም ማለት አይደለም። ነዳጅ ለመሙላት ብቻ ሲቆም መንገደኛው መቀመጫው ላይ ይቆያል፤ ነዳጅ እየተሞላ ቀበቶ ፈትተው እንዲቀመጡ ይነገራቸዋል። በመስኮት ሌላ አገር ሲታይ፣ ሌሎች ሲነሱ፣ «ደረስን» ብለው ሻንጣ ይዘው እንዳይነሱ። ሁለት ጊዜ እንደሚያርፍና የሚወርዱት በሁለተኛው መሆኑን በጽሑፍም በቃልም ያስይዟቸው።

ወደ 9 ሰዓት ተኩሉ እንምጣ። ትኬት ላይ የሚጻፈው ሁልጊዜ የየከተማው የራሱ ሰዓት ነው። 22:45 የአዲስ አበባ፣ 08:15 የዋሽንግተን ነው። ዋሽንግተን ሰዓቷን በዓመት ሁለት ጊዜ ትቀይራለች፤ ከመጋቢት ግድም እስከ ጥቅምት ማብቂያ በ7 ሰዓት፣ በቀረው ጊዜ በ8 ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ትቀራለች። እኛ አንቀይርም። በሰኔ ልዩነቱ 7 ነው፦ 08:15 ላይ 7 ሲደምሩ 15:15 ይሆናል፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ከሩብ። ከ22:45 እስከ 15:15 ስንቆጥር 16 ሰዓት ተኩል። ሲመለሱ 11:00 ላይ 7 ሲደምሩ 18:00፤ ከዚያ እስከ 07:00 ድረስ 13 ሰዓት። የእርስዎ 20 ሰዓት የሄደው እዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ሳያሰሉ ለመፈተሽ አንድ አቋራጭ አለ። የመሄጃውንና የመመለሻውን የግድግዳ ልዩነት ይደምሩ፦ 9 ሰዓት ተኩልና 20፣ 29 ሰዓት ተኩል። የ7 ሰዓቱ ልዩነት በመሄጃ ተቀንሷል፣ በመመለሻ ተጨምሯል፤ ሲደመር ይጠፋፋል። እውነተኛዎቹ 16 ተኩልና 13 ሲደመሩም ያው 29 ሰዓት ተኩል ናቸው። ይህ የሚሠራው ሁለቱም ጉዞዎች በአንድ የሰዓት ወቅት ውስጥ ሲሆኑ ነው። የእናትዎ መመለሻ ከመስከረም ወደ ኅዳር ቢገፋ ልዩነቱ 8 ይሆናልና እንደገና ያስሉት።

ከእህትዎ ጋር በስልክ ሲነጋገሩ ደግሞ ይህ ይጠቅምዎታል፦ በሰኔ የዋሽንግተን ሰዓት ላይ የሚነበበው ቁጥር ላይ አንድ ቢጨምሩ የእኛን ሰዓት ያገኛሉ፤ ቀንና ሌሊቱን እያዩ ነው። እዚያ ጠዋት 8 ሲል እኛ ጋ ከቀኑ 9 ነው። ከጥቅምት ማብቂያ በኋላ ሁለት ይጨምራሉ።

ከነፋስም ከነዳጅም ይልቅ ሰው በረራ የሚያመልጠው በሰዓትና በቀን አነባበብ ነው። ትኬቱ 22:45 ሲል ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ45 ነው። 11:00 ሲል ከረፋዱ 5 ሰዓት እንጂ ከቀኑ 11 ሰዓት አይደለም። ይበልጥ አደገኛው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ነው። ቀን በእኛ አነጋገር የሚቀየረው ሲነጋ ነው፤ በትኬት ላይ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ይቀየራል። መነሻው ለምሳሌ «ሰኔ 12፣ 00:30» ከሆነ መንገደኛው ቦሌ መገኘት ያለበት ሰኔ 11 ማታ ነው። ሰኔ 12 ማታ የሄደ ሰው በረራው ካለፈ ከ20 ሰዓት በላይ ሆኖታል። የእናትዎ መነሻ ከእኩለ ሌሊት በፊት ስለሆነ ድነዋል፤ በረራው ተቀይሮ ወደ ሌሊት ቢገፋ ግን መጀመሪያ የሚያዩት ቀኑን ይሁን። ቀኑ በፈረንጅ ስለሚጻፍ ወደ ኢትዮጵያ ቀን ቀይረው ሁለቱንም ወረቀት ላይ ያስፍሩ።

አሁን ወደ ቦሌው አንድ ሰዓት ተኩል። በረራው ለብቻው ከተገዛ ለአየር መንገዱ እናትዎ ሁለት የማይተዋወቁ መንገደኞች ናቸው። 21:15 ላይ ያርፋሉ፤ ከአውሮፕላን ወርደው ሻንጣ እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት ቢቀር እንኳ 21:45 ሆነ። የዓለም አቀፍ በረራ ቼክ ኢን አብዛኛውን ጊዜ ከመነሻው አንድ ሰዓት በፊት ይዘጋል፤ ያ 21:45 ነው። ስለዚህ ምንም ነገር ሳይበላሽ፣ በረራው አንድ ደቂቃ ሳይዘገይ፣ ሻንጣው ተገኝቶ ሳለ፣ ቆጣሪው ዜሮ ላይ ደርሷል። ከዚያ በኋላ ኢሚግሬሽንና ፍተሻ አለ፤ ወደ አሜሪካ ለሚሄድ በረራ ደግሞ ጌቱ አካባቢ ተጨማሪ የሰነድና የዕቃ ፍተሻ አለ፣ መሳፈሪያውም ቀደም ብሎ ይጀመራል። የድሬዳዋው በረራ በ30 ደቂቃ ቢዘገይ የዋሽንግተኑ ትኬት ተቃጠለ ማለት ነው፤ የማስለወጫው ክፍያ ከቆጠቡት ብዙ እጥፍ ይሆናል። የሻንጣም ጉዳይ አለ፤ የአገር ውስጥ በረራ የሚፈቅደው ኪሎ ከአሜሪካው በጣም ያነሰ ነው። ለብቻው ሲገዛ ትርፍ ኪሎ ድሬዳዋ ላይ ይከፈላል፣ በአንድ ትኬት ሲሆን የአሜሪካው መጠን ከድሬዳዋ ጀምሮ ይሠራል።

የምመክርዎ ይህ ነው። ከድሬዳዋ እስከ ደለስ ያለውን በአንድ ትኬት፣ በአንድ የቦታ ማስያዣ ቁጥር ይግዙ። ድሬዳዋን ከሰዓት በኋላ የሚለቅና ቦሌ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት የሚያደርስ በረራ ይምረጡ፤ ቢያንስ አራት ሰዓት መሐል ይኑር። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ቢዘገይ የሚያስቸግረው አየር መንገዱን ነው፤ በሚቀጥለው በረራ የማሳፈር ኃላፊነትም የእሱ ነው። ከሰዓት የሚሄድ በረራ ካልተገኘ ጠዋት ሄደው አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ይዋሉ። በአውቶቡስ መሄድ ካሰቡ በዋዜማው እንጂ በዕለቱ አይሞክሩት።

ከሐረር ያለው መንገድ ቀላል ቢመስልም ይቆጠር። 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሰላም ሲሆን በአንድ ሰዓት ተኩል ይገባል። የሚያዘገየው ሁለት ቦታ ነው፦ አወዳይ፣ የጫት ገበያው ሲደምቅ ተሽከርካሪ መንገዱን ይሞላዋል፤ ደንገጎ ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ አንድ ከባድ መኪና ከተበላሸ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። በሰኔ ጭጋግም አለ። በረራው 16:45 ከሆነ ከሐረር ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ይውጡ። እንዲህ ሲሆን ከሐረር ከወጡበት ደለስ ሻንጣ ይዘው እስኪወጡ ድረስ፣ ለኢሚግሬሽኑ ሰዓት ተኩል ሰጥተን፣ 27 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይመጣል። ለእህትዎ የሚነግሩት 08:15 አውሮፕላኑ የሚያርፍበት ነው፤ በር ላይ የሚያገኟቸው 10:00 አካባቢ ነው።

ዕድሜያቸው የገፋ ከሆነ ዊልቸር ሲጠይቁ ትኬቱ ላይ እንዲመዘገብ ያድርጉ፤ ቢዘገይ ከሁለት ቀን በፊት። መራመድ ቢችሉም ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ቦሌም ደለስም የሚመራቸው ሰው ያገኛሉ። በሰዓቱ የሚወሰድ መድኃኒት ካላቸው፣ በተለይ ኢንሱሊን፣ የሚቆጠረው ከወሰዱ በኋላ ያለፈው ሰዓት ነው፤ የግድግዳውን ሰዓት ተከትለው ቢወስዱ ሲሄዱ ዶዝ ይራራቃል፣ ሲመለሱ ይደራረባል። ይህን የሰዓት ዝርዝር ይዘው ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ መድኃኒቱም በእጅ ቦርሳ ይሁን። ከ16 ሰዓት በላይ መቀመጥ እግር ያሳብጣል፤ በየሁለት ሰዓቱ መነሳትና ውኃ መጠጣት አለባቸው። ቋንጣ አይያዙ፤ ደለስ ላይ ይወረሳል። ጫት ደግሞ ደርቆም ተፈጭቶም አሜሪካ ውስጥ ሕገ ወጥ ነው፤ ዘመድ «አድርሺልኝ» ቢል እንኳ ሻንጣው ውስጥ እንዳይገባ እርስዎ ራስዎ ይፈትሹ።

መመለሻው ላይ 07:00 ቦሌ ሲያርፉ ኢሚግሬሽን፣ ሻንጣና ጉምሩክ አለ። የድሬዳዋው በረራ ከ10:00 በፊት አይሁን፤ በመስከረም ጠዋት የቦሌ ጭጋግ ሁሉንም ወደ ኋላ ሊገፋው ይችላል። ደለስ ላይ ሻንጣው ሲለጠፍ ወረቀቱ ላይ የመጨረሻው መድረሻ ዲ አይ አር (የድሬዳዋ መለያ) ተብሎ መጻፉን እህትዎ ትይ፤ ኤ ዲ ዲ (የቦሌ መለያ) ከሆነ ሻንጣው አዲስ አበባ ላይ ይቀራል። ዲ አይ አር ቢሆንም ቦሌ ላይ ወስደው በጉምሩክ ማሳለፍ ይኖርባቸው እንደሆነ እዚያው ቼክ ኢን ላይ ትጠይቅ፤ መልሱንም በአማርኛ ጽፋ ፓስፖርታቸው ውስጥ ታስቀምጥላቸው።